በአባቴ ሪሞት ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር

ሪሞት የሚባል ነገር እጠላለሁ። ስሙ ሲነሳ ግንባሬ ይቋጠራል። መምህራን ክፍል ያለው ቴሌቪዥን እምቢ ሲል ባልደረቦቼ «አንቺ ብቻ አትንኪው፣ እንዳትሰብሪው» ይሉኛል፣ ይስቃሉም። ይሳቁ። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም።

አባቴ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የገዛ ቤታቸው ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ማንንም ሳይጠሩ ከፍተው የፈለጉትን ማየት። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልጠየቁም። ይህን ትንሽ ነገር እኔና ወንድሜ ተጋግዘን እንዴት እንዳበላሸነው ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አባቴን የሚያውቅ ሰው ቴሌቪዥን መክፈት አቃታቸው ቢባል አያምንም። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ከምንኖርባት ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ ቁልቁል ጋምቤላ፣ ሲመለሱ ደግሞ ወደ በደሌ። ረዳት የሌለበት ቦታ መኪና ሲቆምባቸው የናፍጣ ፓምፑን ፈትተው፣ አጥበው፣ መልሰው ገጥመው የሚነሱ ሰው ናቸው። የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰምተው «ይሄ ልጅ ቫልቩን አላስተካከለም» ይሉ ነበር፣ ትክክልም ይሆኑ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ መናኸሪያ አካባቢ ሲያልፉ ሾፌሮች ኮፈን ከፍተው ይጠብቋቸዋል።

እናታችን ካረፈች በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። እሳቸው ትልቁ ቤት ይኖራሉ፣ እኔ ከጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። እናታችን በታመመችበት ጊዜ ሥራ ይዞት መምጣት አልቻለም፤ ከተቀበረች በኋላ ግን በየበዓሉ ዕቃ መላክ ጀመረ። ይህን በክፋት አይደለም የምናገረው፣ ግን እውነቱ ይኼ ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን የሚያክል ስስ ቴሌቪዥን ላከ። ነባሩ ሪሲቨር የማይዛቸው ቻናሎች አሉ ብሎ ሌላ ሪሲቨር ጨመረ። ቀጥሎ ፊልም ከኢንተርኔት የምታመጣ ትንሽ ጥቁር ሳጥን መጣች። በመጨረሻ «የዚህ ቴሌቪዥን ድምፁ ቀጭን ነው» አለና ከሥሩ የሚጋደም ረጅም ስፒከር ላከ። እያንዳንዱ የራሱ ሪሞት አለው። ከነባሩ ሪሲቨር ጋር አምስት ሪሞት ለአንድ ሽማግሌ።

የተላከ ዕቃ አይመለስም፣ አይነቀፍም። አባቴ እያንዳንዱን ሪሞት አዲስ እንደሆነ እንዲቆይ በላስቲክ ጠቀለሉት፣ ጫፉን በክር አሰሩት፣ ቡፌው ላይ በተነጠፈው ዳንቴል ላይ በተርታ አስቀመጡት። ላስቲኩ ውስጥ ሆነው አምስቱም አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው እንኳን ለሳቸው ዓይን ለእኔም አይነበብም። እኔም በየበዓሉ ወንድሜን በስልክ «እግዜር ይስጥልን፣ በጣም ደስ ብሏቸዋል» እለዋለሁ። ያንን ያለችውን ምላሴን ዛሬ ባገኛት እቆርጣታለሁ።

በዚያ ላይ ዝናባችን አለ። የእኛ አገር ሰማይ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሲያጉረመርም ነው የሚውለው፣ መብረቁም ቀልድ አያውቅም። ሁሩሙ ያለችው አክስታችን የዲሹን ገመድ ሳትነቅል ገበያ ሄዳ ስትመለስ ቴሌቪዥኗን ጀርባው ከስሎ አገኘችው። ስለዚህ ሰማዩ ገና ጉር ሲል መንደሩ ሁሉ ሶኬት ይነቅላል። በአጥር ላይ «እትዬ፣ ነቀላችሁ?» እየተባባሉ መጠያየቅ የጉርብትና ወግ ነው። አባቴማ ከሁሉም ይብሳሉ። ኤሌክትሪኩን፣ የዲሹን ገመድ፣ የሳጥኗን፣ የስፒከሩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነቅለው እንደ መኪና ገመድ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። ዝናቡ ሲያባራ መልሰው ይሰካሉ።

ያኔ ቴሌቪዥኑ እንደ አዲስ ሰው ይነሳል። የት እንደነበረ አያውቅም። አንድ ቀን የኢንተርኔቷን ሳጥን ፍለጋ ይሄድና ክብ ነገር ሲያሽከረክር ይውላል፤ ሌላ ቀን ሰማያዊ ሆኖ «ሲግናል የለም» ይላል፤ ሌላ ቀን ሥዕሉ ይመጣና ድምፁ ስፒከሩ ውስጥ ይጠፋል። አባቴም በሩ ላይ ይቆሙና «ልጄ፣ እስቲ ብቅ በይማ» ይሉኛል።

የተማሪ ደብተር እያረምኩ ብቅ እላለሁ። ልብስ እያጠብኩ፣ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ብቅ እላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ በፈገግታ ነበር። እየቆየ ግን ፊቴ ጠቆረ። «አባባ፣ ስንት ጊዜ ነው የምነግርዎት?» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስልሳ ልጅ ሲጮህብኝ ውዬ ገብቼ፣ ቀሚሴን እንኳ ሳልቀይር ጠሩኝና «ቀዩን ነው ያልኩት፣ ቀዩን!» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው «እሺ» አሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ክፍል ውስጥ የማስቆመው ልጅ እንደሚለው ዓይነት «እሺ»። ያኔ ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ሪሞቱን ቡፌው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ወንድሜ ደግሞ በስልክ ያስተምራል። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሀላችን አስቀምጠዋለሁ።

«አባባ፣ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ሶርስ የሚለውን ይጫኑት።»

«የቱ ነው የቴሌቪዥኑ?» ይላሉ አባቴ።

«ጥቁሩ።»

«አምስቱም ጥቁር ናቸው» አልኩት እኔ።

«ቆይ፣ ለምንድን ነው ግን ሁልጊዜ የምትነቅሉት? እዚህ እኮ ማንም አይነቅልም። አትንቀሉት፣ ያልቃል ችግሩ።»

«እንግዲያው መብረቁን ከዚያ ሆነህ ያዝልን» አልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አባቴ ነገሩን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው መስኮት መስኮቱን ያዩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሾፌር እጅ ስድስተኛ ሪሞት ተላከ። ይሄኛው አምስቱንም የሚተካ ነው ተባለ። «ሁሉን በአንድ» አለኝ ወንድሜ፣ አገር እንዳቀና ሰው ኮርቶ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ማስገባት ነበረብኝ፤ ቅዳሜዬን ሙሉ ወረቀት እያነበብኩ ቁልፍ ስጫን ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ሠራ። አባቴ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ፣ ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም አብረው ተነሱ። «ጎበዝ» አሉኝ። እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ድንጋይ ሆነ። እንደገና ቁጥሩን አስገባሁ። ረቡዕ እንደገና ሞተ። ወንድሜን ሰደብኩት፣ ዕቃውን የሠሩትን ሰደብኩ፣ ያመጣውን ሾፌር እንኳ በሆዴ ሰደብኩ። በሦስተኛው ጊዜ ነው ያየሁት። አባቴ ዜናቸውን ጨርሰው የሪሞቱን ክዳን ከፈቱና ሁለቱን ባትሪ አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስገቡ። ባትሪው ሲወጣ ሪሞቱ የተነገረውን ቁጥር ሁሉ ይረሳል።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ባትሪ ውስጡ ሲከርም ውኃ ያወጣል። ዕቃውን ይበላዋል» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ሬዲዮኑንም፣ የእጅ ባትሪውንም እንዲህ ነው አርባ ዓመት ያቆዩት። እኛ ቤት ባትሪ ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል፣ ይጠቀለላል፣ ይቀመጣል፤ እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው። ይህን እያወቅኩ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በዚያች ቅጽበት ግን የታየኝ የሄደው ቅዳሜዬ ብቻ ነበር። «በቃ፣ ከእንግዲህ እኔ ነኝ የማስተካክለው» አልኩ። እንዲህ ስል ድምፄ የአባቴ ልጅ ድምፅ አልነበረም። ተማሪ የሚቀጣ የትምህርት ቤት ዩኒት መሪ ድምፅ ነበር።

በነጋታው ከመድኃኒት ቤት አንድ ጥቅል ነጭ ፕላስተር ገዛሁ። የኢንተርኔቷን ሳጥን፣ ስፒከሩን፣ ሁለተኛውን ሪሲቨርና ስድስተኛውን ሪሞት ካርቶን ውስጥ አጭቄ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩ። ቴሌቪዥኑን ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በራሱ እንዲበራና በቀጥታ ወደ ነባሩ ሪሲቨር እንዲሄድ አደረግኩት። ሪሲቨሩን አንድ የዜና ቻናል ላይ አቆምኩት፤ የአማርኛ ዜና ነው፣ እኛ ቤት የሚወራው አማርኛ ስለሆነ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከዚያ የሪሲቨሩን ሪሞት ላስቲኩን ቀደድኩና ከማብሪያውና ከድምፁ በቀር ቁልፉን ሁሉ በፕላስተር ሸፈንኩት። ማብሪያውን በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁት። የተረፉትን ሪሞቶች ወደ ክፍሌ ወሰድኳቸው።

«ይኸው አባባ፣ አንድ ቁልፍ። ከእንግዲህ አይቸገሩም።»

አባቴ ሪሞቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። በአውራ ጣታቸው ፕላስተሩ ላይ ሄድ መለስ አሉበት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ ደከምሽ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጠሩኝም። አንድም ቀን። ዝናብ ዘንቦ አባርቶ፣ ሶኬቱ ተሰክቶ፣ «ብቅ በይማ» የሚል ድምፅ የለም። ደብተሬን በሰላም አርማለሁ፣ ልብሴን በሰላም አጥባለሁ። ለወንድሜ ደውዬ «አንተ በስድስት ሪሞት ያቃተህን እኔ በአንድ ጥቅል ፕላስተር ጨረስኩት» አልኩት። መምህራን ክፍል ውስጥም አወራሁት። አንዷማ ለእናቷ ልትሠራላት አስባ እንዴት እንደለጠፍኩት ጠየቀችኝ፤ በወረቀት ሣልኩላት። ያን ያህል ኮርቼ ነበር።

አባቴ በዚያው ሰሞን ከቀትር በፊት ጃንጥላቸውን ይዘው መውጣት ለመዱ። ምሳ አስቀምጬ እጠብቃለሁ፣ ዘግይተው ይመጣሉ። የት ነበሩ ስላቸው «እግሬን ላፍታታ ብዬ» ይላሉ። እግር ማፍታታት ጥሩ ነው ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ቤት መዋል ትተው ሰው መሀል መግባታቸው ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ፈተና ስለነበር ቀደም ብዬ ገባሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ትልቁ ቤት ተዘግቷል። ገባሁና ቴሌቪዥኑን በእጄ ዳሰስኩት፤ ቀዝቅዟል። ሶኬቱ ተነቅሏል፣ ገመዱ ተጠቅልሏል፣ ላዩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። የዛሬ አቧራ አይደለም፣ የሳምንት ነው። ሪሞቱ ከነፕላስተሩ የሰጠኋቸው ቀን ያስቀመጡት ቦታ ላይ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ ደክሜ! በዚያ ዝናብ ጃንጥላዬን ይዤ ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘኋቸው ከመናኸሪያው በታች ካለች አንዲት ሻይ ቤት ነው። በሩ ላይ ስደርስ የሰማሁት የአባቴን ሳቅ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ። ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የሻይ ቤቷን ሪሞት ይዘው፣ የቀኑን ዜና ያያሉ። ሪሞቱ ላስቲክ የለበትም፣ ፕላስተር የለበትም፣ በብዙ እጅ አገልግሎ ወዝቷል። የአፋን ኦሮሞውን ዜና ሰምተው ጨረሱ፣ ቁልፉን ቀጭ ቀጭ አደረጉና ወደ አማርኛው ሄዱ። ከዚያ አጠገባቸው ላሉት ሾፌሮች «አያችሁ? ያኛው የመንገዱን ነገር ተናገረ፣ ይሄኛው ዘለለው» አሉ። ሾፌሮቹ ሳቁ። አንዱ «ጋሼ ያሉት አይስትም» አለ።

የሻይ ቤቷ ባለቤት አየችኝ፤ እንደ ኦሮምኛው ወግ አክብራ በ«እናንተ» ነው የምታናግረኝ። «አካም ጅርቱ፣ ቲቸር! ግቡ እንጂ፣ ዝናቡ ገደላችሁ። ጋሼን ፈልጋችሁ ነው?»

«ሁልጊዜ ይመጣሉ?» አልኳት።

«በየቀኑ ነው። ሲመጡ ሪሞቱን ለሳቸው ነው የምሰጠው፤ የፈለጉትን ያያሉ። ደንበኞቹም ለምደዋል» አለችኝ። በቅንነት ነው የተናገረችው፣ እኔ ግን በጥፊ የተመታሁ ያህል ጉንጬ ጋለ። ባዳ ሴት ለአባቴ ሪሞት ሰጠች። እኔ ልጃቸው ቀማኋቸው።

ዜናው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በአንድ ጃንጥላ ወደ ቤት ጀመርን። ጭቃውን እየረገጥኩ «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። አሁንም ድምፄ ቁጣ ነበረው፤ ሌላ ድምፅ አልመጣልኝም።

«ምን ብዬ?» አሉ። «አንቺ ደክመሽበታል። እንዴት ላፍርስብሽ?»

«ታዲያ እኮ ዜና ነው ያደረግኩልዎት፣ ያው ዜና ነው!»

«አንዱን ነው ያደረግሽልኝ።» ትንሽ ሄዱና ቆሙ። «እናትሽ በነበረች ጊዜ፣ እሷ ጓዳ ሆና በሬዲዮ የኦሮምኛውን ትሰማለች፣ እኔ ሳሎን የአማርኛውን። ከዚያ እራት ላይ አንተ የሰማኸው ሌላ፣ አንቺ የሰማሽው ሌላ እያልን እንጣላለን። አሁን የሷን ድርሻ የሚሰማልኝ የለም። እኔው ነኝ ሁለቱንም የምሰማው። ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ የሷ አልመጣ አለኝ።»

ያንን እራት እኔም በልቼዋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ ማዕድ ላይ ተቀምጬ «አሁንስ በዛ፣ በልተን እንነሳ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ረስቼዋለሁ ማለት ያንሰዋል፤ አስቤውም አላውቅም። የትኛውን ቁልፍ እንደሸፈንኩ ያኔ ገባኝ፣ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ለቅሶ ለቅሶ የሚል ቁጣ ያዘኝ። «ዲሲ፣ ተይው» አሉኝ አባቴ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እጄን ይዘው። «ዝናብ ነው፣ እንሂድ።»

ቤት ገብቼ ፕላስተሩን ላጥኩት። አልላቀቅ ብሎ በነጭ ጋዝ አሸሁት። ከሙጫው ጋር የቁልፎቹ ጽሑፍ አብሮ ተነሳ፤ ግማሹ ቁጥር ጠፋ። ለወንድሜ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኩት። «ታዲያ ዋናው ነገር ቶሎ መከፈቱ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ያላልኩት ነገር የለም። የሰደብኩት ግን እሱን ብቻ ሳይሆን ራሴንም እንደነበረ እሱም ያወቀ ይመስለኛል።

በማግስቱ ወንበሬን አጠገባቸው አደረግኩና ቀዩ፣ ጥቁሩ ማለቴን ትቼ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው አዙሬ ጀርባውን አሳየኋቸው። «ከዲሹ የመጣው እዚህ ይገባል፣ ከሪሲቨሩ በዚህ ይወጣል፣ ቴሌቪዥኑ በዚህ ቀዳዳ ይቀበላል። ሶርስ ማለት የትኛውን ቀዳዳ ልክፈት ብሎ መጠየቁ ነው» አልኳቸው። አባቴ በጣታቸው ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። «የነዳጅ መስመር በይኛ» አሉ። «ሁለት ታንከር አለው፣ ከየትኛው ልጠጣ ነው የሚለው።» አንድ ከሰዓት አልፈጀም። ሁለተኛውን ሪሲቨር እንኳ ከካርቶኑ አውጥተው ራሳቸው ገጠሙት። አራት ዓመት ሙሉ ቁልፍ እየጠራን ስናስለቅሳቸው የኖርን ልጆች፣ አንዳችንም እንደ መካኒክ አላናገርናቸውም። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

አሁን ሦስት ሪሞት አለ፤ የቴሌቪዥኑና የሁለቱ ሪሲቨሮች። ሳጥኗ፣ ስፒከሩና ስድስተኛው ሪሞት ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፣ በዚያው ሾፌር። መብረቅ ሲመጣ ሁሉም ይነቀላል፣ ሲያባራ ይሰካል፣ ቴሌቪዥኑ ግራ ሲገባው አባቴ ቀዳዳውን ያሳዩታል። ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ባለፈው ሳምንት ምሳቸውን ይዤ ገባሁ። የአፋን ኦሮሞው ዜና እያለቀ ነበር። አባቴ ሪሞቱን ይዘው፣ በራሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ወደ አማርኛው ልለውጠው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ቤቱም ቴሌቪዥኑም የእርስዎ ነው፤ እኔን ለምን ይጠይቁኛል?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። አውራ ጣታቸውን፣ ፕላስተሩ ዛሬም ያለበት ይመስል፣ ቁልፉ ላይ እንደያዙ ግን አልተጫኑም። «ይለውጡት» እስክላቸው ድረስ ጠበቁኝ።